ፊቱ ላይ ለኩ

ፎቶግራፍ መማር የጀመርነው ካሜራ ሳንነካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤታችን ክበቦች አንዱ የፎቶ ክበብ ነበር። የተመዘገብን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ካሜራ የሚሰጠን መስሎን ነበር። መምህራችን ግን ጥንድ ጥንድ አድርገው ወደ ግቢው አወጡንና አንዳችን የሌላችንን ፊት እንድንመለከት አዘዙን። «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? የትኛው ጉንጭ ነው የበራው? ዓይኑ ሥር ጥላ አለ ወይስ የለም?» እያሉ ይጠይቁናል። ጓደኛችንን ከፀሐይ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ በሩ ደፍ፣ ከበሩ ደፍ ወደ ክፍሉ ጥግ እያዛወርን፣ ያው ፊት በየቦታው እንዴት እንደሚለዋወጥ እናያለን። ሁላችንም የወደድነው በረንዳውን ነበር፤ ፀሐይ የማያገኘውን፣ የሰማዩ ብርሃን ግን ገብቶ የሚያለሰልሰውን ቦታ።

መምህራችን ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። እኛ «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። ፀሐይን የሚያስተምሩን በፊዚክስ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የቀትር ፀሐይዋ ከጎን ሳይሆን ከአናት ናት የምትወርደው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴም በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ ከራሳችን በላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ግንባርና አፍንጫ ይበራሉ፤ ዓይን ይጨልማል። «ዓይኑ ያልታየ ሰው ፎቶ ተነሣ አይባልም» ይሉ ነበር። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ወዲህ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ፊት ሙሉ ብርሃን ያገኛል። ከዚያ ውጪ በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ይፈለጋል።

ካሜራው በመጨረሻ ሲመጣ ዜኒት ኢ ነበር፤ ሞስኮ አቅራቢያ ክራስኖጎርስክ ውስጥ የሚሠራ፣ ሁለመናው ብረት የሆነ፣ አንገት የሚቆርጥ ከባድ ካሜራ። ሌንሱ ሄሊዮስ ይባላል፤ 58 ሚሊ ሜትር ነው። ከሌንሱ በላይ የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት ተገጥሞለታል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሴሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት በራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በዚያ ኤሌክትሪክ ካሜራው አናት ላይ ያለች ቀጭን መርፌ ትንቀሳቀሳለች። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ፀሐይ ላይ ስናወጣው መርፌዋ ዘላ ስትነሣ፣ በመዳፋችን ስንጋርደው ስትወድቅ እያየን እንደነቅ ነበር።

መርፌዋ ግን ትነግረናለች እንጂ አትሠራልንም። ቁጥሩን አንብበን፣ የሌንሱን ቀዳዳና የመዝጊያውን ፍጥነት በእጃችን እናስተካክላለን። የቀዳዳው ቁጥሮች 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 ናቸው። ቁጥሩ አንድ ደረጃ ባደገ ቁጥር ቀዳዳው ጠብቦ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው፤ ከሰከንድ 1/30ኛ ወደ 1/60ኛ፣ ከዚያ ወደ 1/125ኛ፣ እያለ እስከ 1/500ኛ። አንዱን ስትቀንስ ሌላውን ትጨምራለህ። ሰሌዳው ላይ ይህን ደጋግመን አሰላን። መርፌዋ የማትታመንበት ቀን ቢመጣ ደግሞ የቃል ትምህርት ነበረን፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀዳዳው 16 ይሁን፣ ፍጥነቱም ከፊልሙ ቁጥር ጋር ይቀራረብ። ፊልማችን ከምሥራቅ ጀርመን የሚመጣው የኦርቮ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ 125 ኤ.ኤስ.ኤ. ስለሆነ 1/125ኛ ላይ እናደርገዋለን።

ካሜራው አንድ፣ ፊልሙ አንድ፣ እኛ ብዙ ነበርን። ተራ የደረሰው ተማሪ ከማንሣቱ በፊት ምን እንደሚያነሣ፣ ብርሃኑን የት ላይ እንደለካ፣ ለምን ያንን ቁጥር እንደመረጠ ቆሞ ያስረዳል። የዜኒቱ ሌንስም አያጣድፍም። መጀመሪያ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍተህ ፎከስ ታደርጋለህ፤ ከዚያ ቀለበቱን አዙረህ ወደ መረጥከው ቁጥር ታጠበዋለህ። ስታጠበው በመመልከቻው ውስጥ የሚታየው ሰው ዓይንህ እያየ ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ነው የሚነሣው። የዛሬ ልጆች ይህን እንደ ችግር ሊያዩት ይችላሉ። እኔ ግን ማየት የተማርኩት በዚያ ዝግታ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

የትምህርቱ ሁሉ እንብርት የሆነው ነገር የመጣው ከመምህራን ሻይ ክፍል ነው። ሻይ የሚያፈሉት እናት ለሁላችንም «እማማ» ነበሩ። ቲቸር አንድ ቀን እማማን አስፈቅደው በረንዳው ላይ ወንበር አስቀመጡላቸው። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ቲቸር ሁለት ፎቶ አነሡ። ለአንደኛው መለኪያውን ወደ ነጠላው አስጠግተው ለኩ። ለሁለተኛው እጅ ነሥተው ቀረቡና አንድ ስንዝር ያህል ሲቀራቸው ፊታቸው ላይ ለኩ። መርፌዋ በሁለቱ መካከል በጣም ተለያየች። የትኛው ልክ እንደሆነ አልነገሩንም። «ጨለማ ክፍል ይነግራችኋል» አሉን።

ጨለማ ክፍላችን የተሰበሩ ወንበሮች ይቀመጡበት የነበረ መጋዘን ነው። መስኮቱን በጥቁር ወረቀትና በብርድ ልብስ ደፍነነዋል። የፊልም ማጠቢያውን መድኃኒት የምናዘጋጀው ራሳችን፣ በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሚዛን ነው። ኮዳክ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስለመደው ዲ-76 የሚባለው ቅመም እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የማጠቢያውን ጣሳ ለብ ባለ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ማቆሚያው ከሱቅ የተገዛ አቼቶ በውኃ ቀጥኖ ነው። ቀጥሎ ምስሉ ብርሃን እንዳይፈራ የሚያደርገው ሃይፖ አለ። ከዚያ ውኃ፣ ውኃ፣ አሁንም ውኃ። ቧንቧው የሚዘጋበት ቀን ስለማይታወቅ ባልዲዎቻችንን ሞልተን ነው የምንጀምረው።

የእማማን ሁለት ፎቶዎች ያተምነው በዚያ ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነክረን፣ ሳህኑን እያወዛወዝን በቀዩ አምፖል ብርሃን እንጠብቅ ጀመር። ቀድሞ ብቅ ያለው ፊታቸው ነበር። ጠቆር አለ፤ ዓይናቸው ሳይታይ፣ አፋቸው ሳይለይ ጭልም ብሎ ቀረ። ነጠላቸው ግን ቀስ እያለ በሚያምር ሁኔታ ወጣ፤ የድሩና የማጉ ክር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ሁለተኛውን ነከርነው። አሁን ፊታቸው ዝግ ብሎ መጣ፤ የግንባራቸው መስመር፣ የዓይናቸው ብሌን፣ ከአገጫቸው ሥር እስከ አንገታቸው የወረደው ንቅሳት። ነጠላቸው ነጥቶ ክሩ አይለይም፤ ጥለቱ ግን አለ።

ሲደርቁ ሁለቱንም ወስደን ለእማማ አሳየናቸው። አንደኛውን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩትና «ይቺማ ነጠላዬ ናት፤ እኔ የታለሁ?» አሉ። ሁለተኛውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄንን ስጡኝ፤ ለልጄ እልክለታለሁ» አሉን። ልጃቸው ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። «በደብዳቤ ደኅና ነኝ ብለው አያምነኝም። ፊቴን ካየ ግን ያምናል።»

ቲቸር ምክንያቱን ያስረዱን ከዚህ በኋላ ነው። የብርሃን መለኪያ ሰው አያውቅም። የሚያየውን ነገር ሁሉ፣ ነጠላም ይሁን ከሰል፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ የሚሆነውን መልሶ የሚያንጸባርቅ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጠላ ስታሳየው «ብርሃን በዝቷል፣ ቀዳዳውን አጥብብ» ይልሃል። ብትታዘዘው ነጠላው ወደ ግራጫነት ይወርዳል፤ በነጠላው የተከበበው ጠይም ፊት ደግሞ ከዚያም ወርዶ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ኔጋቲቩ ላይ ያልተመዘገበ ነገር ወረቀቱ ላይ ከየትም አይመጣም። ባዘቶ የመሰለ ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ በሚለበስበት፣ ፀሐይ በሚያይልበት፣ ጠይም ሕዝብ በሚኖርበት አገር ይህ የየቀኑ ፈተና ነው። መፍትሔውም አጭር ነበር፤ «ፊቱ ላይ ለኩ!»

መቅረብ የማይቻል ከሆነ የራሳችንን መዳፍ እንድንለካ አስተማሩን። የእጃችን ጀርባ መልክ ከሰው ሰው ቢለያይም የመዳፍ ውስጥ ግን ይቀራረባል፤ ከግራጫውም አንድ ደረጃ ያህል ይነጣል። ስለዚህ ሰውየው በቆመበት ዓይነት ብርሃን መዳፍህን ለክተህ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ትከፍታለህ። እኔ ግን ከመዳፉ ይልቅ ፊቱን መለካት ነበር የምወደው። ምክንያቱን በደንብ የተረዳሁት ጃን ሜዳ ነው።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ቲቸር ክበቡን ይዘው ጃን ሜዳ ወጡ። ጥር ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋ አይላ፣ ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ለነጠላ የሚለካ ካሜራ ያን ሁሉ ሕዝብ ያለ ፊት ነው የሚያስቀረው። ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ጥቂት ፎቶ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ መምረጥ፣ መቅረብ፣ መለካት ነበረብን። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው ከዋርካው ጥላ ጫፍ ቆመዋል። ቀርቤ እጅ ነሣሁና ላነሣቸው ፈቃድ ጠየቅሁ። ካሜራውን ወደ ፊታቸው ሳስጠጋ፣

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ፊትዎ ላይ ያለውን ብርሃን እየለካሁ ነው፣ አባባ።»

«ስንት ሆነ?»

ቁጥሩን ነገርኳቸው። ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። የዚያን ዕለት የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ ፊት ላይ መለካት ካለብህ ከሩቅ ሰርቀህ ማንሣት አትችልም። በስንዝር ርቀት ላይ ያለን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ሳያስፈቅዱ ማንሣትም እንዲሁ። ልኬቱ ራሱ ወደ ሰው ያቀርብሃል። ሰውየውም የሚነሣ ዕቃ መሆኑ ይቀርና የሥራው ተካፋይ ይሆናል። ቲቸር ይህን እንደ ሥነ ምግባር ትምህርት አስተምረውን አያውቁም። የመርፌዋን ነገር ብቻ ነበር የሚያስተምሩን። ሥነ ምግባሩ ግን መርፌዋ ውስጥ ነበረ።

ቀዩ አምፖልም ሌላ ትምህርት ነበረው። የማተሚያው ወረቀት ቀይ ብርሃን አያይም፤ ለዚህ ነው በቀይ አምፖል ሥር የምንሠራው። ፊልሙ ግን ሁሉንም ቀለም ስለሚያይ፣ እሱን ጣሳው ውስጥ የምንጠቀልለው ድቅድቅ ባለ ጨለማ፣ በዳበሳ ነው። ቲቸር እንደነገሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ የፎቶግራፍ ሳህኖች እንደዚያ ወረቀት ነበሩ፤ ሰማያዊውን አጉልተው ያያሉ፣ ቀዩንና ቡናማውን ግን አያዩትም። ጠይም ቆዳ ደግሞ ከሰማያዊው ይልቅ ቀዩን ነው አብልጦ የሚያንጸባርቀው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች አሰልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በዋይት ደሴት ፎቶ አንሥታዋለች። እነዚያን ሥዕሎች ዛሬ ስናይ የምናየው የአያቶቻችንን መልክ ብቻ ሳይሆን የሳህኑንም ዕውርነት ጭምር ነው። በተፈጥሮ ከነበሩት ይልቅ ጠቁረው የወጡ ብዙ ፊቶች አሉ።

ከትምህርት ስንወጣ ፒያሳ ወርደን የፎቶ ቤቶቹን መስታወት እያየን እንቆም ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ ነገሥታቱን ያነሡት አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፣ ለዚህች ከተማ የፎቶ ቤት ወግ ትልቅ መሠረት ጥለዋል። በዚያ ወግ የተካኑ ባለሙያዎች የጠይም ፊትን ነገር በእጃቸው ያውቁት ነበር። መብራቱን ከጎን አስጠግተው ጉንጭን ከዳራው ይለዩ ነበር። በኋላም ኔጋቲቩን መስታወት ላይ አስደግፈው በሾለ እርሳስ ይነካኩት ነበር፤ እርሳስ የነካው ቦታ ሲታተም ፈካ ብሎ ይወጣል። በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀሉት፣ ከጀርባቸው «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈባቸው ፎቶዎች የእነዚያ እጆች ሥራ ናቸው።

በዚህ ነገር ግን ቲቸር ጥብቅ ነበሩ። ብዙ ሰው ፎቶ ቤት ሲሄድ «ቀላ አድርገኝ» ይላል። እርሳቸው ይህን አይወዱትም። ፊት ይታይ ማለት ፊት ይቅላ ማለት አይደለም ይሉ ነበር። ጠይሙ ጠይም፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ፣ ዓይኑና መስመሩ ሳይጠፋ ይውጣ። ልክ ማለት የሰውየው መልክ ራሱ ነው፤ ከዚያ ያነሰውም የበዛውም ስሕተት ነው። ይህን የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ፎቶግራፍ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።

በኋላ የቀለም ፊልም ሁሉን ሲጠቀልል፣ ልኬቱ ከእጃችን ወጥቶ ወደ ማሽን ሄደ። ማሽኑ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር የሚያውቀው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚልከው ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ «ሸርሊ» ይሏታል። የእርሷ ቆዳ ልክ ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው ማለት ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እንደጻፉት፣ ኩባንያው ለቡናማ ቀለም የተሻለ ፊልም ለመሥራት ከተነሣሣባቸው ምክንያቶች መካከል ቡናማ ዕቃቸው በትክክል አልወጣ ያላቸው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ አንዱ ነበር። ይህን ሳነብ እማማ ትዝ አሉኝ። «እኔ የታለሁ?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሕዝብ በዓለም ዙሪያ ሞልቶ ሳለ፣ የተሰማው የቸኮሌቱ አቤቱታ ነው። ጎግል ጥቁርና ጠይም ቆዳን በትክክል እንዲያወጣ ያዘጋጀውን «ሪል ቶን» የተባለ አሠራር በስልኩ ይዞ የመጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ፎቶግራፍ ለዓለም ከተዋወቀ ከ180 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዛሬ ዘመዶቼ ልጆቻቸውን «ፎቶ አስተምርልን» ብለው ሲልኩልኝ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመርፌዋ የተሻለ ነገር በእጃቸው አለ፤ መስታወቱ ላይ የሚታየውን ፊት በጣታቸው ቢነኩት ስልኩ ልኬቱን ወደዚያ ያዞራል። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ስልኩ የመረጠውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሠርግ ላይም ያው ነው፤ ቬሎው አምሮ፣ ሙሽራዋ ጨልማ፣ ከኋላዋ ያሉት እናቷ የአገር ልብሳቸው ብቻ የቀረበት ፎቶ ስንት አልበም ውስጥ አለ! ባለሙያዎቹ ምክንያት አላቸው። በዲጂታል ካሜራ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከልክ በላይ የነጣ አይመለስም፣ የጠቆረ ግን በኮምፒዩተር በመጠኑ ይነሣል። ስለዚህ ነጩን ለማዳን ይጠነቀቃሉ። ግን የተነሣው ጥቁር ቦታ ይሻክራል፣ የቆዳው ቀለምም ይበላሻል። ከዚያ ይልቅ ሙሽራዋን ከጠራራው አንሥቶ ጥላ ሥር ማቆም ይቻላል። ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጎ በነጭ ጨርቅ ብርሃን ወደ ፊቷ መመለስ ይቻላል። እናቷ የለበሱት ነጠላ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ልብሱም ፊቱም ይድናሉ።

ሁለቱንም ማዳን የማይቻልበት ሰዓት ግን ይመጣል፤ ጃን ሜዳም ይመጣል፣ ሠርግም ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ የትኛው እንደሚቀር ካሜራው እንዲወስን መተው የለበትም። ወጣት ፎቶ አንሺዎችን የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ሌንሱም፣ ፊልሙም፣ ስልኩም የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ሲሠራም የእናንተ እናት በሠሪው ሐሳብ ውስጥ ላትኖር ትችላለች። ለማን እንደሚለካ የመወሰኑ ሥራ ግን እናንተ እጅ ላይ ነው። ጥለቱ ይጥፋ፣ ሰማዩ ይንጣ፤ ሰውየው ይታይ።